ስም የተጻፈበት ግድግዳ

ከጦር ሜዳ የሚመለስ ሰው ሁለት ዓይነት ሸክም ይዞ ይመለሳል። አንደኛው በዓይን ይታያል፤ ጠባሳው፣ የተቆረጠ እግሩ፣ ከሥጋው ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ ነው። ሁለተኛው አይታይም። አብረውት ሄደው ያልተመለሱት ጓደኞቹ ናቸው። «እነርሱ ሞተው እኔ ለምን ቀረሁ?» የሚለው ጥያቄ ሌሊት ይቀሰቅሰዋል። ሚስቱ ብትጠይቀው አይመልስም። ከጎረቤት ጋር ቡና ሲጠጣ ይስቃል፣ ይጫወታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አለ። አንባቢያን ሆይ፣ ምናልባት ከቤታችሁም አይጠፋም።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ሁለተኛውን ሸክም ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘውን የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ነው። ሐውልት በአገራችን ሞልቶ ሳለ የሩቁን ለምን መረጣችሁ የሚል አይጠፋም። ብዙዎቹ ሐውልቶች የድል ወይም የታላላቅ ሰዎች ናቸው፤ አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ አይቷቸው ያልፋል። የዋሽንግተኑ ግን አንድ ተራ ወታደር አስቦ ያስጀመረው፣ ለሞቱት ብቻ ሳይሆን ለተመለሱትም የሚጠቅም ሆኖ የተገኘ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየጻፍን እንይ።

ጦርነቱን በአጭሩ እናስታውስ። አሜሪካ የምድር ጦሯን በብዛት ወደ ቬትናም ማዝመት የጀመረችው በ1965 ነው። በ1973 ተዋጊ ጦሯን አስወጣች። በ1975 በሚያዝያ ወር ሳይጎን ወደቀችና ጦርነቱ አበቃ። ከ58,000 በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከማናቸውም ዕድሜ ይልቅ የሚበዙት የ20 ዓመት ልጆች ነበሩ፤ የእኛው እኩዮች ማለት ነው። በቬትናም በኩል የሞተው ሕዝብ ቍጥር ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ወደ እርሱ ኋላ እንመለሳለን።

የወታደሩ አመላለስ ለየት ያለ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙው የአሜሪካ ወታደር የተመለሰው ከጓደኞቹ ጋር በመርከብ ተጭኖ፣ በመንገድ ላይ ብዙ ቀን ያየውን እያወራ ነው። የቬትናሙ ወታደር ግን የተመደበለትን 12 ወር ሲጨርስ ለብቻው በአውሮፕላን ይመጣል። ጓደኞቹ እዚያው ጭቃ ውስጥ ናቸው፤ እርሱ በጥቂት ቀን ውስጥ ከምሽግ ወጥቶ እናቱ ማድ ቤት ይቀመጣል። ሕዝቡም በጦርነቱ ምክንያት ተከፋፍሎ ነበር። ጦርነቱን ከጠላው ወገን ወታደሩንም የሸሸ ነበር፤ ከደገፈው ወገን ደግሞ ስለ ሽንፈት መስማት ያልፈለገ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ የወታደር ልብሳቸውን አውልቀው ዝም አሉ።

በእኛ አገር ልማድ ከዘመቻ የተመለሰ ሰው እልል ይባልለታል፣ ይፎክራል፣ ያየውን በአደባባይ ይናገራል። ሞቶም እንደ ሆነ አስከሬኑ ባይገኝ እንኳ ለቅሶው አይቀርም። ልብሱና ጠመንጃው፣ ፈረሱም ከነኮርቻው ወደ ለቅሶው መካከል ይወጣሉ፤ አልቃሿም ስሙን እየጠራች ጀግንነቱን ትናገራለች። ይህን ስናደርግ ዝም ብሎ የቆየ ወግ የምንፈጽም ይመስለናል። ነገሩ ግን ሐዘን የሚወጣበት በር ነው። የቬትናሙ ወታደር ፉከራም ለቅሶም አላገኘም። በሩ ተዘጋበት።

የተዘጋ ሐዘን ውሎ አድሮ ወደ በሽታ ሊለወጥ ይችላል። ሐኪሞች ነገሩን ለብዙ ዘመን በልዩ ልዩ ስም ሲጠሩት ቆይተው፣ በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዘገበው። ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰሙ ክፉኛ መደንገጥ፣ ከሰው መራቅ፣ ያለፈውን ነገር አሁን እንደሚሆን አድርጎ ማየት ከምልክቶቹ ጥቂቶቹ ናቸው። ይህን እዚህ ላይ የጻፍነው «ለከፈው»፣ «ፈራ»፣ «መጠጥ አበላሸው» እየተባለ የሚታማ ሰው ስለሚኖር ነው። ፈሪ አይደለም፤ ታሟል፤ ሐኪም ማየት አለበት። ሐውልት ሐኪምን አይተካም።

አሁን ወደ ወታደሩ እንምጣ። ስሙ ጃን ስክራግስ ይባላል። በ1969 በቬትናም ሲዋጋ በፍንዳታ ቆሰለ፤ ድኖ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። በጥር 1970 ደግሞ ከመኪና ላይ የሞርታር ጥይት ሲያራግፉ የነበሩ 12 ጓደኞቹ ጥይቱ ፈንድቶ ሞቱ። እርሱ ቦታው ላይ ደርሶ አያቸው። ምንም ሊያደርግላቸው አልቻለም። አገሩ ከገባ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችን የአእምሮ ሁኔታ አጠና።

በ1979 በመጋቢት ወር ስለ ቬትናም የተሠራ ፊልም አይቶ ወደ ቤቱ ገባ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ የ12ቱ ጓደኞቹ ነገር ተመለሰበት። ሲነጋ ለሚስቱ የሞቱት ሁሉ ስም የተጻፈበት መታሰቢያ አሠራለሁ አላት። ልብ በሉ፤ ያሰበው የጄኔራል ምስል ወይም በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው አይደለም። ስም ነው ያሰበው። የእያንዳንዱን ስም።

ነገሩ መጀመሪያ መሳቂያ ሆነ። ገንዘብ እንዲዋጣ ከጠየቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተሰበሰበው 144 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነበር። በቴሌቪዥን ሳይቀር ተቀለደበት። እርሱ ግን አልተወም። ሌሎች ዘማቾች አብረውት ቆሙ፤ በ1980 ምክር ቤቱ በከተማው መካከል፣ በአብርሃም ሊንከን መታሰቢያ አጠገብ መሬት ፈቀደ። ለግንባታው ከመንግሥት ካዝና ገንዘብ አልወጣም፤ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሰበሰበው ከሕዝብና ከማኅበራት ነው። ከላኩት መካከል ልጆቻቸው የሞቱባቸው ወላጆች ነበሩ።

ንድፉ በውድድር እንዲመረጥ ተደረገ። 1,421 ንድፎች ቀረቡ፤ ዳኞቹ የማን እንደ ሆኑ እንዳያውቁ በቍጥር ብቻ ተለዩ። አሸናፊው ሲገለጥ የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና ተገኘች። ማያ ሊን ትባላለች፤ ወላጆቿ ከቻይና ወደ አሜሪካ የሄዱ ናቸው። ንድፉን የሠራችው ለክፍል ሥራ ብላ ነው፤ ያገኘችውም ማርክ ያን ያህል አልነበረም ይባላል። (ማርክ የሚያስጨንቃቸው ተማሪዎች ይህን ቢያነቡ ይጽናናሉ።)

ንድፉ ጠብ አስነሣ። ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ከመሬት በታች ይገባል፣ ባንዲራም የጀግና ምስልም የለውም ተባለ። ከዘማቾቹ አንዳንዶቹ ይህማ እኛን ማዋረድ ነው ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ በስምምነት ባንዲራና የሦስት ወታደሮች የነሐስ ምስል በአቅራቢያው እንዲቆም ተደረገ፤ ምስሉ በ1984፣ ያገለገሉት ሴቶች መታሰቢያ ደግሞ በ1993 ተጨመሩ። ምስሎቹ አይጠሉም። ሆኖም ሰው እየሄደ የሚያለቅሰው ከግድግዳው ፊት ነው። በእኛ አስተያየት ተማሪዋ ከሁሉም ይልቅ የተረዳችው ነገር ነበር።

ግድግዳው በኅዳር 4 ቀን 1975 በእኛ አቆጣጠር፣ ማለት በ1982 ተመረቀ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ግድግዳዎች በአንድ ጫፍ ተገናኝተው ማዕዘን ይሠራሉ። እያንዳንዱ ርዝመቱ 75 ሜትር ያህል ነው። ዳር ላይ ቁመቱ ከቍርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ ቢል ነው፤ መንገዱ ግን ቀስ እያለ ቍልቍል ስለሚወርድ መካከሉ ላይ ሲደርሱ ከ3 ሜትር በላይ ይሆናል። መጀመሪያ ከእግር አጠገብ የነበሩት ስሞች ቀስ በቀስ ከጉልበት፣ ከደረት፣ ከራስ በላይ ይወጣሉ። ሰው ሳያውቀው ወደ ስሞቹ መካከል ይገባል። ድንጋዩ ግራናይት የሚባለው ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የመጣው ከሕንድ አገር ነው። እንደ መስተዋት ስለ ተወለወለ ቆሞ የሚያነብ ሰው የራሱን ፊት ከስሞቹ ጋር ያያል።

ማዕርግ አልተጻፈም። ኮሎኔሉም ተራው ወታደርም በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ መጠን ተጽፈዋል። ከስሙ አጠገብ ትንሽ ምልክት አለች፤ አንደኛው ምልክት መሞቱ የተረጋገጠውን፣ ሌላው የደረሰበት ያልታወቀውን ያሳያል። የጠፋው ሰው መሞቱ ከታወቀ ምልክቱ ይለወጣል። ከተመረቀ በኋላም የተዘነጉ ስሞች ተጨምረዋል። ስሕተትም አልጠፋም፤ ሳይሞቱ በስሕተት የተቀረጹ፣ በሕይወት ያሉ ሰዎች ስም ተገኝቷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ግን የስሞቹ ቅደም ተከተል ነው። በፊደል ተራ ይጻፍ ያሉ ነበሩ፤ ለመፈለግ ይቀላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ስሚዝ የሚባሉት ብቻ ከ600 በላይ ናቸው። አንዲት እናት መጥታ የልጇን ስም ከስድስት መቶ ስሚዝ መካከል ብታገኘው ምን ትላለች? የስልክ ደብተር አይደል! ስለዚህ ስሞቹ የተጻፉት ሰዎቹ በወደቁበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። አንድ ቀን አብረው የሞቱ ሰዎች አብረው ተጽፈዋል። ጽሑፉ ከመካከሉ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ቀኝ ጫፍ ይሄዳል፤ ከዚያም ከግራው ጫፍ ይቀጥልና ተመልሶ ማዕዘኑ ላይ ያበቃል። የጦርነቱ መጀመሪያና መጨረሻ ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ይህ ለተመለሰው ወታደር ምን ያደርግለታል? ከግድግዳው ዳር የስም መዝገብ አለ፤ መዝገቡ ስሙ በስንተኛው ሰሌዳ፣ በስንተኛው መስመር እንደሚገኝ ይናገራል። ወታደሩ ቦታውን ፈልጎ ይደርሳል። የጓደኛውን ስም ያገኛል። ከጎኑ በዚያው ቀን የወደቁትን ሌሎች ያገኛል፤ አንዳንዶቹን በቅጽል ስማቸው ብቻ ያውቃቸው ነበር። እዚያ እርሱ የደረሰበት ወር፤ ወዲህ እርሱ የሄደበት ወር። የእርሱ አንድ ዓመት በሁለቱ መካከል በድንጋይ ላይ ተዘርግቷል። እስከ ዛሬ በጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ የነበረው ነገር፣ ለሚስቱ ሊናገረው ያልቻለው ነገር፣ ከውጭ ቆሞ ያየዋል። ለካ እውነት ነበር! ሌላ ሰውም ሊያነበው ይችላል። የራሱ ፊት ደግሞ ከስሞቹ በስተኋላ ይታየዋል፤ ስሙ ግን የለም። እርሱ ከሚያነቡት ወገን ነው።

ከዚያ ብዙዎች እጃቸውን ዘርግተው ስሙን ይዳስሳሉ። ወረቀት ከድንጋዩ ላይ አድርገው በእርሳስ ሲያሹት ስሙ በወረቀቱ ላይ ይወጣል፤ ያንን አጥፈው ይዘው ይሄዳሉ። ቦታው ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ቀን ሰው ፊት መቆም የከበዳቸው ሌሊት ይመጣሉ። ከዛፎቹ ሥር ራቅ ብለው ቆመው አይተው፣ ሳይቀርቡ የሚመለሱም አሉ። እነዚህን መገፋፋት አይገባም።

ከጎልማሳ ተማሪዎቻችን ጋር ስለዚህ ግድግዳ ስንነጋገር በኦጋዴን ግንባር የተዋጉ አንድ አባት ነበሩ። «ልጆቼ፣ ስሙ በድንጋይ ላይ መጻፉ ለሞተው ምን ይረባዋል?» አሉን። እኛም ለሞተው ሳይሆን ለእርስዎ ነው አባባ፣ ብለን መለስን። ዝም አሉ። ከዚያ በአገራችን እንዲህ ያለ አለ ወይ ብለው ጠየቁን። የምናውቀውን ነገርናቸው። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ ዘምተው ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፤ ለእነርሱ በደቡብ ኮሪያ በቹንቾን ከተማ በ1968 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ሐውልት ቆሟል። በአዲስ አበባም በአፍንጮ በር አካባቢ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። «የኮሪያዎቹስ ይሁን፤ የእኔዎቹ ግን?» አሉ።

ጥቂት ቀን ቆይተው ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ፊደል የሚማር ሰው አስቀድሞ የሚጽፈው የራሱን ስም ነው፤ በጣት አሻራ ፈንታ መፈረም ስለሚፈልግ። እርሳቸው ግን የአንድ ጓደኛቸውን ስም ሊጽፉ ፈልገው በየትኛው «ጸ» እንደሚጻፍ ጠየቁን፤ በ«ጸሎት» «ጸ» ነው ወይስ በ«ፀሐይ» «ፀ»? ሰውየውን እንጂ ስሙን ተጽፎ አይተውት አያውቁም። እኛም የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። በሁለቱም ይነበባል አልናቸው። በሁለቱም ጻፉት። ከዚያም የአባቱን ስም፣ የመጣበትን ወረዳ፣ ዓመቱን አስጨመሩን። ያን ዕለት ሌላ ትምህርት አልተማርንም።

ወደ ዋሽንግተን እንመለስ። ሰዎች ወደ ግድግዳው ባዶ እጃቸውን አይሄዱም። ያስቀመጡትን ዕቃ የቦታው ጠባቂዎች ይሰበስባሉ፤ እስከ ዛሬ ከ400,000 በላይ ዕቃ ተሰብስቧል ተብሎ ይቆጠራል። ጫማ አለ፣ ሜዳይ አለ፣ ሲጋራ፣ የቢራ ጣሳ፣ የልጅ መጫወቻ፣ በ1995 የተቀመጠ ሞተር ብስክሌት ሳይቀር አለ። ከሁሉ የሚበዛው ደብዳቤ ነው። ለሞተ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ። ይህን ያዘዘ ሕግ የለም፤ መሐንዲሷም አላሰበችውም። የሰው ልብ ግን የለመደውን አደረገ። በእኛ ለቅሶ የሟቹ ጠመንጃና ልብስ እንደሚወጣ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። በግድግዳው ላይ የአንድም ቬትናማዊ ተዋጊ ስም የለም። የቬትናም መንግሥት በ1995 ባወጣው ግምት ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰላማዊ ሰውና 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ያህል ተዋጊ ሞቷል። ይህ ሁሉ ስም በዚያው ዓይነት ፊደል ቢጻፍ ግድግዳው በብዙ ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ቬትናሞች የራሳቸው መቃብር አላቸው፤ በቿንግ ሶን ብሔራዊ መቃብር ብቻ ከ10,000 በላይ ተዋጊዎች አርፈዋል። አስከሬናቸው ያልተገኘው ወይም ያልታወቀው ደግሞ በመቶ ሺህ ይቆጠራሉ። እያንዳንዱ አገር የራሱን ሙታን ስም ይጽፋል። ይሁን እንጂ የወታደሩ ሸክም ሁሉ የጓደኞቹ አይደለም። የገደለውም ሰው አለበት። እርሱን በየትኛው ሰሌዳ ይፈልገው?

ከኢሊኖይ ክፍለ ሀገር የመጣ አንድ ወታደር ይህ ነገር ደርሶበታል። በ1967፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ቹ ላይ በተባለ አካባቢ በጫካ መንገድ ላይ ከአንድ የቬትናም ወታደር ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ሰውየው አየው፤ አልተኮሰም። አሜሪካዊው ተኮሰና ገደለው። በኋላ ከሟቹ የኪስ ቦርሳ ውስጥ አንድ ትንሽ ፎቶግራፍ ተገኘ፤ ሟቹ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር የተነሣው ነው። ወታደሩ ፎቶግራፉን ወሰደ። በኪሱ 22 ዓመት ያዘው። ሊጥለውም አልቻለም፤ ሊያየውም አልቻለም። እርሱም የሴት ልጆች አባት ሆነ።

በ1989 ወደ ግድግዳው ሄደ። ለገደለው ሰው አጭር ደብዳቤ ጻፈ፤ ለምን እንዳልተኮሰበት እንደማያውቅ፣ ፎቶግራፉን ባየ ቍጥር እንደሚያዝን ገልጦ ይቅርታ ለመነው። ደብዳቤውንና ፎቶግራፉን ከግድግዳው ሥር፣ ከአሜሪካውያኑ ስም በታች አስቀመጠ። በዚያች ሰዓት ከባድ ጓዝ ከጀርባው እንደ ወረደለት ኋላ ተናግሯል። ዕፎይ አለ።

ዕፎይታው ግን ለዘለቄታው አልሆነም። በ1996 በግድግዳው ሥር ስለ ተቀመጡ ዕቃዎች የታተመ መጽሐፍ ሲገልጥ ያው ፎቶግራፍና ያው ደብዳቤ ታትመው አያቸው። ልጅቱ እንደ ገና ተመለከተችው። ዕቃዎቹን የሚጠብቀው ሰው ራሱ በቬትናም የቆሰለ ዘማች ነበር፤ የሰውየውን ጭንቀት ስለ ተረዳ ፎቶግራፉን በፖስታ አልላከውም፤ ራሱ ተሳፍሮ አምጥቶ በእጁ ሰጠው።

ሰውየው ከዚህ በኋላ ፎቶግራፉ የማን እንደ ሆነ አሰበ። የእርሱ አልነበረም፤ የልጅቱ ነው። ሕያው ከሆነች ሊመልስላት ቈረጠ። በቬትናም መንግሥት ሰዎች በኩል ፎቶግራፉ በሐኖይ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ያ ጋዜጣ ወደ አንዲት የገጠር መንደር ደረሰ፤ ሟቹን የሚያውቁ ሰዎችም አዩት። ልጅቱ ተገኘች፤ ያን ጊዜ የልጆች እናት ነበረች።

በ2000 በመጋቢት ወር ከሚስቱ ጋር ወደ ቬትናም ሄደ። ከፊቷ ሲቆም በቋንቋዋ ያጠናትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ 33 ዓመት የያዘውን የአባቷን ፎቶግራፍ ሊመልስላት እንደ መጣ ነግሮ ይቅርታ ለመናት። እርሷ ፎቶግራፉን ተቀበለችና በትከሻው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። እርሱም አለቀሰ።